ክቡ ማኅተም ምን ይላል?

ፊደልና ኑሮ፦ የአስተማሪው ዓምድ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ደረሰኝ አነበብን። ዛሬ ስለ ማኅተምና ስለ አርማ እናነባለን።

ማኅተምን የማያውቅ ሰው የለም። መታወቂያችን ላይ አለ። የልጆቻችን የትምህርት ቤት ካርድ ላይ አለ። የግብር ወረቀት ላይ አለ። የዕድርና የአፎሻ ደብተር ላይም አለ። ብዙዎቻችን ግን ማኅተምን እናየዋለን እንጂ አናነበውም። ወረቀት ሲሰጠን «ማኅተም አለው ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። «አለው» ከተባልን አጥፈን ሣጥን ውስጥ እንከተዋለን። ማኅተሙ የማን እንደ ሆነ አንጠይቅም። ጠይቀንም ቢሆን የሌላውን ሰው አፍ ማመን ነበረብን። አሁን ግን ፊደል ቆጥረናል። ስለዚህ ክቡን ራሳችን እናንብብ።

ምልክት ከፊደል ይቀድማል

ሰው ፊደል ሳያውቅ በፊት ምልክት ያውቅ ነበር። በድሬዳዋ አካባቢ ለጋ ኦዳ የሚባል የድንጋይ ዋሻ አለ። በዋሻው ግድግዳ ላይ የጥንት ሰዎች ከብትና ሰው፣ የዱር አውሬም ሥለዋል። ያን ጊዜ ፊደል አልነበረም። ሥዕሉ ግን ዛሬም ይነበባል።

ግመል አርቢዎችም ይህን ጉዳይ ከእኛ ከአስተማሪዎቹ ይበልጥ ያውቁታል። ብረት በእሳት ያግላሉ። በግመሉ አንገት ወይም ጭን ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ግመሉ ቢጠፋና በሩቅ አገር ቢገኝ ምልክቱ ይናገራል። «እኔ የእገሌ ጎሣ ነኝ» ይላል። ማኅተምም ሥራው ይኸው ነው። ወረቀቱ ቢጠፋና በሩቅ አገር ቢገኝ «እኔ የእገሌ መሥሪያ ቤት ነኝ» ይላል።

በሌላው ዓለምም ነገሩ እንዲሁ ነው። ከ800 ዓመት በላይ ይሆናል፣ በአውሮፓ የጦር መኳንንት ብረት ይለብሱ ነበር። ፊታቸውም በብረት ይሸፈን ነበር። በጦር ሜዳ ወዳጅና ጠላት እንዳይምታታ እያንዳንዱ በጋሻው ላይ ሥዕል አሣለ። አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ንስር፣ ሌላው መስቀል። በኋላ ከተሞችም ይህንኑ ያዙ። የፓሪስ ከተማ አርማ መርከብ ነው። የበርሊን ከተማ አርማ ድብ ነው። ጎረቤታችን ጅቡቲ በአርማዋ ላይ ጋሻና ጦር አድርጋለች። ኬንያም ሁለት አንበሶች የያዙት ጋሻ አላት። ኬንያ በ2002 ዓ.ም. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አገሯን በ47 ካውንቲ ከፈለች። ካውንቲ ማለት እንደ እኛ ዞን ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው። እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱ አርማና ማኅተም እንዲኖረውም ሕግ ወጣ።

ታዲያ አርማና ማኅተም አንድ ናቸው? አይደሉም። አርማ ሥዕሉ ነው። በሰንደቅ ዓላማ ላይ፣ በበር ላይ፣ በወረቀት ራስጌ ላይ ይደረጋል። ማኅተም ግን መሣሪያ ነው። ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ያርፋል። «ይህ ቃል የእኔ ነው» ብሎ ያረጋግጣል። አርማ ያስተዋውቃል፣ ማኅተም ያስራል።

የአንበሳው ማኅተም

በአገራችን ነገሥታት በማኅተማቸው መካከል አንበሳ ያደርጉ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ማኅተም አንበሳ ነበረው። ዙሪያውን በእኛ ፊደልና በዓረብኛ ፊደል ተጽፎበት ነበር። ደብዳቤው ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ዓረብኛ የሚያነብም እንዲያውቀው ነው።

የዐፄ ምኒልክም ማኅተም አንበሳ ነበረው። አንበሳው ዘውድ ደፍቷል። መስቀል ያለበት ዘንግ ይዟል። ዙሪያውን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል የግዕዝ ጽሑፍ ነበረበት። ግዕዝ ያልተማረ ሰው ጽሑፉን ማንበብ አይችልም ነበር። ገበሬው ግን አንበሳውን ያውቀዋል። አንበሳውን ሲያይ ወረቀቱ ከቤተ መንግሥት እንደ መጣ ይረዳል። በወረቀቱ ውስጥ ምን እንደ ተጻፈ ግን አያውቅም። ማዘዣው ግብር ይሁን ምሕረት፣ የሚነግረው ሌላ ሰው ነበር።

በሐረርም የራሷ ታሪክ አለ። የሐረር አሚሮች በከተማቸው ገንዘብ ያሠሩ ነበር። በገንዘቡም ላይ በዓረብኛ ፊደል ያጽፉ ነበር። ገንዘብ ላይ ማተም የሥልጣን ምልክት ነው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላ የአሚሮቹ ዘመን አበቃ።

አንድ ማኅተም፣ ሁለት ቃል

አሁን ደግሞ ማኅተም ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ አንድ ታላቅ ታሪክ እናንብብ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት ውጫሌ ላይ ውል ተዋዋሉ። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኢጣልያንኛ ነው። 17ኛው አንቀጽ በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ አልነበረም። አማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ከፈለጉ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላክ ይችላሉ ይላል። ኢጣልያንኛው ግን በኢጣልያ በኩል እንዲሆን ግድ ያደርገዋል። «ይችላሉ» እና «ግድ ነው»! ልዩነቱ አንድ ቃል ነው። በዚያ አንድ ቃል ኢጣልያ ለዓለም መንግሥታት «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ አስታወቀች።

ምኒልክ ነገሩን ሲረዱ አልተቀበሉም። በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሰረዛቸውን አስታወቁ። ነገሩ በወረቀት አላለቀም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም አለቀ። ድሉ የእኛ ሆነ። ሆኖም ብዙ ሰው አለቀ።

አያችሁ? ማኅተሙ እውነተኛ ነበር። ፊርማውም እውነተኛ ነበር። ከማኅተሙ በላይ የተጻፈው ግን አንድ አልነበረም። ንጉሥም ይሁን ገበሬ፣ ማኅተሙን ከማየት በፊት ጽሑፉን ማንበብ ግዴታው ነው።

አርማ ይለወጣል

አርማ እንደ ተራራ ጸንቶ አይኖርም። መንግሥት ሲለወጥ አርማም ይለወጣል። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ በሰንደቅ ዓላማው ላይ የነበረው አንበሳ ዘውዱን ተነጠቀ። መስቀል በነበረበት ዘንግ ላይም የጦር ጫፍ ተደረገ። ከዚያ በኋላ አንበሳው ራሱ ከአርማው ወጣ።

ዛሬ ያለው ብሔራዊ አርማ በ1988 ዓ.ም. በሕግ የተደነገገ ነው። ክብ ነው። መደቡ ሰማያዊ ነው። በመካከሉ ቢጫ ኮከብ አለ። ከኮከቡ ጨረር ይወጣል። እያንዳንዱ ነገር ፍች አለው። ሰማያዊው ሰላም ነው። እኩል የሆኑት መስመሮች የብሔር ብሔረሰቦችንና የሃይማኖቶችን እኩልነት ያሳያሉ። ከመስመሮቹ የተሠራው ኮከብ አንድነት ነው። ጨረሩ ብሩህ ተስፋ ነው። ክልሎችም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ለምሳሌ በጎረቤታችን በኦሮሚያ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የኦዳ ዛፍ አለ። በኦዳ ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሕግ የሚያወጡበትና የሚፈርዱበት የገዳ ሥርዓት ምልክት ነው።

አንበሳውስ የት ገባ? ከኪሳችሁ ባለ 1 ብር ሳንቲም አውጡ። በአንደኛው ፊት የአንበሳ ራስ አለ። በሌላው ፊት ሚዛን አለ። ከአርማው የወጣው አንበሳ ገበያ ውስጥ ከእኛ ጋር ይውላል ማለት ነው።

ሰዎች በአርማ ለምን ይጣላሉ? ሥዕል ብቻ ስለ ሆነ አይደለም። አዲስ አበባ ለገሃር፣ በባቡር ጣቢያው ፊት የአንበሳ ሐውልት አለ። በ1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ የቆመ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ አንበሳውን ነቅሎ ወደ ሮም ወሰደው። ለምን? ምልክቱን የያዘ አገሩን የያዘ ስለሚመስለው ነው። በኋላ ሐውልቱ ተመልሶ በቦታው ቆመ። ለገሃር የሚለው ቃልም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ባቡር ጣቢያ ማለት ነው።

ድሬዳዋን በምን እንሥላት?

ባቡርን ካነሣን ዘንድ ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር መንገድ እንዲሠራ ፈቀዱ። መንገዱ ከጅቡቲ ተነሣ። ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ተራራው ግን ከበደ። ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። ከተማም ተቆረቆረች። ስሟን «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር። ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ አላት። የሕዝቡ ቃል ጸና።

ከዚያ በፊት የግመል ነጋዴ የሚያርፈው ጀልዴሳ ነበር። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ዕቃ በጀልዴሳ አልፎ ወደ ሐረር ይወጣ ነበር። ባቡር ሲመጣ ንግዱ ወደ ድሬዳዋ ዞረ። የጀልዴሳ አንባቢዎቻችን ይህን ከአያቶቻቸው ሰምተው ይሆናል። ዛሬ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ አዲስ የኤሌክትሪክ ባቡር ይሄዳል። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከተማ ስትወርዱ በአሮጌው ጣቢያ ፊት ቁሙና በላዩ የተጻፈውን አንብቡ። በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው።

ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. የራሷ ቻርተር ተሰጣት። ቻርተር ማለት ከተማዋ በምን ሕግ እንደምትተዳደር የሚናገር አዋጅ ነው። በድሬዳዋ ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ አማራ፣ ሐረሪ፣ ጉራጌና ሌላውም ሕዝብ አብሮ ይኖራል። አስተዳደሩ ከከተማው ሌላ በርካታ የገጠር ቀበሌዎችም አሉት። ዋሂል፣ አሰሊሶ፣ ቢዮ አዋሌና ጀልዴሳ ሁሉም የድሬዳዋ ናቸው።

እስቲ እናስብ። ለድሬዳዋ አርማ ሣሉ ብትባሉ ምን ትሥላላችሁ? የከተማ ሰው ቶሎ ብሎ «ባቡር!» ይላል። እውነት ነው። ባቡር ግን የገጠሩን ሰው ያሳያል ወይ? ግመሉስ የት አለ? ማሽላውስ? ክረምት ሲሞላ የሚያስፈራን የደቻቱ ወንዝስ? በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ደቻቱ ሞልቶ ብዙ ሰው ገደለ። አንዳንዱ ይህን እንርሳው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ እንዳንረሳው እንሣለው ይላል።

በአርማ ላይ ሁሉ ነገር አይገባም። ክቡ ጠባብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። ማን ገባ? ማን ቀረ? አርማ የሚመርጥ ሰው ሥዕሉን ብቻ አይመርጥም። «እኛ» የሚለው ቃል እነማንን እንደሚይዝ ጭምር ይመርጣል። ለዚህ ነው ስለ አርማ ሲመከር የገጠሩም ሰው መናገር ያለበት።

ክቡን እንዴት እናነባለን?

አሁን ወደ እጃችን ሥራ እንግባ። መታወቂያችሁን አውጡ። ክቡን ማኅተም ፈልጉ።

አንደኛ፦ ከግራ፣ ከታች በኩል ጀምሩ። ወደ ላይ ውጡ፣ በአናቱ ዙሩ፣ ወደ ቀኝ ውረዱ። በላይ ያሉት ፊደላት እግራቸው ወደ መካከል ነው። ወረቀቱን ቀስ እያላችሁ ብታዞሩት ይቀላል። ማንም አይስቅባችሁም። ቢስቅም ይሳቅ።

ሁለተኛ፦ በታች በኩል ሌላ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ በሌላ ቋንቋ ነው። የምታውቁት ቋንቋ ከሆነ አንብቡት።

ሦስተኛ፦ መካከሉን እዩ። አርማ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ስም ይኖራል።

አራተኛ፦ ከክቡ አጠገብ ረዘም ያለ ሌላ ማተሚያ ካለ እሱ ቲተር ይባላል። ቲተር የፈራሚውን ስምና ሥልጣን ይናገራል። ክቡ መሥሪያ ቤቱን ይናገራል። ቲተሩ ሰውየውን ይናገራል። ፊርማው ደግሞ ሰውየው በእጁ ያደረገው ነው። ሦስቱ አንድ ነገር መናገር አለባቸው። ክቡ የቀበሌ ሆኖ ቲተሩ የሌላ መሥሪያ ቤት ከሆነ ጠይቁ።

አምስተኛ፦ ቀኑንና ቁጥሩን እዩ። ከመዝገብ ቤት የወጣ ደብዳቤ ቀንና ቁጥር አለው። ወረቀቱ ቢጠፋባችሁ በዚያ ቁጥር ይፈለጋል። ቁጥሩን በደብተራችሁ ገልብጡ።

መታወቂያ ላይ ማኅተሙ ግማሹ በፎቶግራፉ ላይ፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ ያርፋል። ይህ በስሕተት አይደለም። አንድ ሰው ፎቶውን ልጦ የራሱን ቢለጥፍ ክቡ ይሰበራል። ሌብነቱ ይታወቃል። ዛሬ ፋይዳ የሚባል ዲጂታል መታወቂያም መጥቷል። በእሱ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ባለ አራት ማዕዘን ምልክት አለ። እሱን ሰው አያነበውም፣ መሣሪያ ያነበዋል። የክቡ ማኅተም ዘመን ግን ገና አላለፈም።

የአንዲት እናት ወረቀት

በአንድ ጣቢያ የሚማሩ አንዲት እናት ወረቀት ይዘው መጡ። በላስቲክ ጠቅልለው፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ነው ያመጡት። «ይህ የመሬቴ ማስረጃ ነው» አሉ። ብዙ ዓመት እንደዚያ ተነግሯቸው ነበር። እኔ ላነብላቸው እጄን ዘረጋሁ። «ተው ልጄ፣ እኔው ላንብበው» አሉኝ። ጣታቸውን በክቡ ላይ አኑረው ፊደል በፊደል ዞሩ። «የ—ገ—በ—ሬ—ዎች... ኅብረት... ሥራ... ማኅበር» አሉ። ዝም አሉ። እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት። ያው ነው።

ወረቀቱ የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባልነት መዋጮ ደረሰኝ ነበር። የውሸት ወረቀት አይደለም። ማኅተሙም እውነተኛ ነው። የመሬት ግን አይደለም። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን ጨርሶ አልወሰዱም ነበር። በማግሥቱ ወደ ሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ጉዳዩ ገና አላለቀም። አሁን ግን ጉዳያቸውን የያዙት እሳቸው ናቸው። ምን እንዳላቸውና ምን እንደሌላቸው ያውቃሉ።

አሻራና ፊርማ

አንድ ነገር ጨምሬ ልሰናበታችሁ። ይህን በደንብ አንብቡ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለን። አንቀጽ 1728 ስለ ፊርማና ስለ ጣት አሻራ ይናገራል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ሥውር የሆነ ሰው በጽሑፍ ውል ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ፣ አሻራው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ሕጉ ይህን ያለው ያላነበበ ሰው እንዳይታለል ነው።

አሁንስ? አሁን እናንተ ማንበብ ትችላላችሁ። ስማችሁን ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ። ደስ ይላል። ነገር ግን ያ መከላከያ ለማያነብ ሰው የተሠራ ነው። የሚያነብ ሰው «ሳላነብ ፈረምኩ» ቢል ዳኛው ምን ይለዋል? «ለምን አላነበብክም?» ይለዋል። ፊደል መብት ሰጠን። ከመብቱ ጋር ኃላፊነትም መጣ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አትርሱ። በባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። «ቶሎ በል፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ለሚል ሰው አትቸኩሉ። ያልገባችሁ ቃል ካለ ተርጉሙልኝ በሉ። ቢሮ ውስጥ ቀስ ብሎ ማንበብ ነውር አይደለም። ያቺ «ይችላሉ» የምትል ቃል ዐድዋ ድረስ እንደወሰደችን አንብበናል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው። የምንወርሰው ግን ያነበብነውን ሲሆን ነው ደግ።

ለመልመጃ

1. በመታወቂያችሁ ላይ ያለውን ክብ ማኅተም አንብቡ። የተጻፈውን በደብተራችሁ ገልብጡ።
2. በቤታችሁ ስንት ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ? እያንዳንዱ የማን ነው? ዝርዝር ጻፉ።
3. በአርማና በማኅተም መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
4. ለመንደራችሁ አርማ ሣሉ። ለምን እንደመረጣችሁት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በሚቀጥለው ክፍል ለጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው።

የቃላት ፍች

አርማ፦ አንድን አገር፣ ከተማ ወይም ማኅበር የሚያስተዋውቅ ሥዕል።
ማኅተም፦ በቀለም ተነክሮ ወረቀት ላይ የሚያርፍ ማረጋገጫ።
ቲተር፦ የፈራሚው ስምና ሥልጣን ያለበት ማተሚያ።
መዝገብ ቤት፦ ደብዳቤ በቁጥር የሚመዘገብበትና የሚቀመጥበት ክፍል።
አሻራ፦ የጣት ቀለም ምልክት።
ቻርተር፦ አንድ ከተማ የሚተዳደርበት አዋጅ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሚዛንና ስለ ኪሎ እናነባለን። እስከዚያው በደኅና ሰንብቱ።